የአባታችን ቮልስዋገንና የድሬዳዋ ፀሐይ
በአሮጌ መኪና ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ከመግጠም በፊት ሊሠራ የሚገባው ስሌት

በቤታችን ግቢ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተቀባች አንዲት ቮልስዋገን ለብዙ ዓመታት ቆማለች። አባታችን በ1965 ዓ.ም. የገዟት፣ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል የሆነችና 1300 በመባል የሚታወቀው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ያላት ናት። አባታችን ካረፉ በኋላ እሑድ እሑድ እያስነሣን፣ ዘይቷን በወቅቱ እየለወጥን፣ ላሜራዋን ከዝገት እየጠበቅን ቆይተናል። ታሪኳ እስከዚህ ድረስ ከሌሎች የአዲስ አበባ ቮልሶች ታሪክ የሚለይበት ነገር የለም።

ነገሩ የተለወጠው እናታችን በልብ ሕመም ምክንያት ሐኪማቸው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ቢወርዱ እንደሚሻላቸው በመከሯቸው ጊዜ ነው። እህታችን የምትኖረው ድሬዳዋ ስለሆነ እናታችን ወደ እርሷ ሄዱ። ለሕክምና ቀጠሮና ለቤተ ክርስቲያን መመላለሻ እንድትሆናቸው መኪናዋም ተከትላቸው እንድትወርድ ቤተሰቡ ተስማማ። ወዲያውም አንድ ጥያቄ ተነሣ። በዚያ አገር ሙቀት፣ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ይገጠምላት ወይስ አይገጠምላት? ታናሽ ወንድማችን «ይገጠም፤ የእናታችን ጤና ከመኪና ይበልጣል» አለ። መኪናዋን ለረጅም ዘመን የጠገኑት አዛውንት መካኒክ ደግሞ «ይህቺን ሞተር በእጃችሁ ልትገድሏት ነው» አሉ። እኛም የፊዚክስ መምህር በመሆናችን ፍርዱ ወደ እኛ ተመራ።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ያዘለ ነገር ተናግረዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም አልለኩም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ያንን ልኬት ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ እጅግ የማይርቅ እውቀት ስለሆነ አንባቢያን እርሳስና ወረቀት ይዘው ቢከታተሉን እንመርጣለን።

ስለ መኪናዋ ጥቂት

ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈርዲናንድ ፖርሼ መሪነት የተነደፈች ስትሆን፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስከወጣችበት ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ስሟ አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበረ የታወቀ ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጠባይዋ ሞተሯ ከኋላ መሆኑና በውኃ ሳይሆን በአየር መቀዝቀዙ ነው። ራዲያተር የላትም። በቺንጋ የሚዞር አንድ ትልቅ ማራገቢያ ከኋላ መስኮት ሥር ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይስብና በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ውኃ የማትጠይቅ በመሆኗ በገጠር መንገድ ስትመሰገን ኖራለች። ማቀዝቀዣ የመግጠሙን ነገር አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው የምትመሰገንበት ጠባይ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀን ከፍተኛ ሙቀቷ በአማካይ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ከተማ በቮልስ ላይ ማቀዝቀዣ መግጠም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ አየሩ ከዚያ ካለፈ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ሙቀትን ከሰውነታችን መውሰዱን ትቶ ወደ ሰውነታችን ማምጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰውነት ሊቀዘቅዝ የሚችለው ላብ በመትነኑ ብቻ ነው። አረጋውያን ደግሞ ላባቸውም የውኃ ጥም ስሜታቸውም ይቀንሳል፤ ልብም ደምን ወደ ቆዳ ለመግፋት ከወትሮው በላይ ይደክማል። ወንድማችን የተናገረው ነገር መሠረት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ በየት በኩል ይገባል?

ማንኛውም ማቀዝቀዣ ከመገዛቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል ሙቀት ይወጣልኝ?» የሚለው አይደለም፤ «ምን ያህል ሙቀት ይገባብኛል?» የሚለው ነው። መኪናዋ በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ በእኩለ ቀን በዝግታ ስትጓዝ፣ ውጭው 36 ዲግሪ፣ ውስጧ 26 ዲግሪ እንዲሆን ብንፈልግና ሦስት ሰዎች ቢሳፈሩባት፣ ግምታችን የሚከተለው ነው።

1ኛ. በመስታወት በኩል የሚገባ የፀሐይ ጨረር፦ በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው። የቮልስ መስኮቶች ትናንሽና ቀጥ ያሉ በመሆናቸው፣ እኩለ ቀን ላይ ከአናት የሚወርደው ፀሐይ በብዛት አያገኛቸውም። ይህንን ከግምት አስገብተን 500 ዋት እንላለን።

2ኛ. በጣራው በኩል የሚገባ፦ ጥቁር ሰማያዊ ላሜራ ከሚያርፍበት ጨረር አብዛኛውን ይውጣል፤ ፀሐይ ላይ ሲውልም ከ70 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ጣራው 2 ሜትር ካሬ ያህል ቢሆንና ከሥሩ ያለው ልባስ የሙቀቱን መተላለፍ በከፊል ቢገድበው፣ 300 ዋት ይገባል።

3ኛ. በበሮች፣ በወለልና በመስታወት ገላ በኩል የሚተላለፍ፦ ውጭውና ውስጡ በ10 ዲግሪ ስለሚለያዩ 300 ዋት።

4ኛ. በሰው አካል የሚመነጭ፦ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ለሦስት ሰው 300 ዋት።

5ኛ. በስንጥቅ የሚገባ ትኩስ አየር፦ ባረጁት የበርና የመስኮት ጎማዎች በኩል በሴኮንድ 30 ሊትር አየር ቢገባ፣ በድሬዳዋ ከፍታና በዚህ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ይህንን አየር በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 300 ዋት ይፈለጋል።

ድምሩ 1,700 ዋት ነው። ይህ መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ ቅዝቃዜዋን ጠብቃ እንድትቆይ ያለማቋረጥ ሊወጣ የሚገባው ሙቀት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ሁኔታ እንመልከት። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ዋለች እንበል። እንደሚታወቀው የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም የውስጡ አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው በ20 ዲግሪ ያህል ይበልጣል፤ ከዚህም ጭማሪ አብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህም ሕፃንን ወይም ሕመምተኛን ለአጭር ጊዜም ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ለሞት ሊያበቃ እንደሚችል አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ወደ ስሌታችን ስንመለስ፣ ወንበሮቹ፣ ልባሱና የውስጡ ብረት በአንድ ላይ አንድ ዲግሪ እንዲቀዘቅዙ 80 ኪሎ ጁል መውጣት አለበት ብለን እንውሰድ። ከ56 ዲግሪ ወደ 26 ለማውረድ 2,400 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህንን በ10 ደቂቃ ለመፈጸም ብንፈልግ 4,000 ዋት ያስፈልጋል። ከላይ ያገኘነው 1,700 ዋት ሲጨመርበት 5,700 ዋት ይደርሳል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፤ 1,700 እና 5,700። የመኪና ማቀዝቀዣ ትልቅና ከባድ ሆኖ እንዲሠራ የሚያስገድደው ጉዞው አይደለም፤ መኪናው የቆመበት ቦታ ነው። መኪናዋ ጥላ ሥር ብትቆም፣ ወይም ከመሳፈር በፊት ሁለቱም በሮቿ ተከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ብትናፈስ፣ የሚያስፈልጋት ማቀዝቀዣ በብዙ እጅ ያንሳል። አንድ የኒም ዛፍ በነፃ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይቆጥባል ማለት ነው።

ማቀዝቀዣው ምን ይሠራል?

ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ካለበት ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያራግፋል እንጂ። ሥራውን የሚያከናውነው በቱቦ ውስጥ በሚዘዋወር፣ በቀላሉ በሚተንን ፈሳሽ አማካይነት ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዙ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው አር 134ኤ በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ግፊቱ 2.9 ባር ሲሆን መፍያ ነጥቡ ዜሮ ዲግሪ ይሆናል፤ ግፊቱ 16.8 ባር ሲደርስ ደግሞ 60 ዲግሪ ይሆናል። የማሽኑ ምሥጢር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ግፊቶች መካከል ነው።

በተሳፋሪው በኩል ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሹ በዝቅተኛ ግፊት ይተንናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከመኪናው አየር ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ እንፋሎቱን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ያሳድገዋል። በውጭ በኩል ባለው ኮንዴንሰር ውስጥ እንፋሎቱ ከውጭው አየር ይልቅ ትኩስ ስለሆነ ሙቀቱን አስረክቦ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። በመጨረሻም በጠባብ ቀዳዳ በኩል አልፎ ግፊቱ ይወርድና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። አንድ ኪሎ ግራም አር 134ኤ በዜሮ ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ሲተንን 199 ኪሎ ጁል ያህል ይወስዳል። ይሁን እንጂ ከኮንዴንሰሩ የሚመጣው በ60 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከፊሉ ራሱን ለማቀዝቀዝ ይተንንና ለተሳፋሪው የሚተርፈው 110 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ዋጋውን እንመልከት። በዜሮና በ60 ዲግሪ መካከል የሚሠራ ፍጹም ማሽን፣ በካርኖ ሕግ መሠረት፣ ለአንድ ዋት ሥራ 273 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም 4.6 ዋት ያህል ሙቀት ሊያነሣ ይችላል። በተግባር የሚሠራ የመኪና ማቀዝቀዣ ግን በእንዲህ ያለ ሙቀት ከ2 እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ 1,700 ዋት ለማውጣት ሞተሩ 850 ዋት ይከፍላል፤ 5,700 ዋት ለማውጣት ደግሞ 2,850 ዋት።

ሞተሯ ትችላለች ወይ?

የመካኒኩን ቃል የምንመረምረው እዚህ ላይ ነው። የ1300ዋ ሞተር በባሕር ወለል ላይ 44 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 32 ኪሎ ዋት ያህል ትሰጣለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት ከ27 ኪሎ ዋት የሚበልጥ አንጠብቅም። ይህቺው መኪና በሜዳ መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የነፋስን መቋቋምና የጎማን ፍትጊያ ለማሸነፍ የሚያስፈልጋት 4.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ ማቀዝቀዣው የሚጠይቀው 1 ወይም 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ቢጨመርም ሞተሯ በጉልበት ረገድ ትችለዋለች። በዳገት ላይ ትደክማለች፣ ነዳጅም ትጨምራለች፤ ግን አትሞትም።

ታዲያ መካኒኩ ተሳስተዋል ማለት ነውን? በጉልበት ረገድ አዎን፤ በሙቀት ረገድ ግን አልተሳሳቱም። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው፤ ቀሪው በጭስ ማውጫውና በሲሊንደሮቹ ገላ በኩል እንደ ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ በሞተሩ ላይ የምንጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሥራ፣ ማራገቢያው ሊያስወግደው የሚገባ ተጨማሪ ሙቀት ያስከትላል። የማራገቢያው አየር ደግሞ ቀጭን ነው። በባሕር ወለል በቀዝቃዛ ቀን 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ 1 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ገና ሲገባ 36 ዲግሪ ሆኗል። ማራገቢያው በሞተሩ ፍጥነት ስለሚዞር፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ስትቆም እርሱም ይዘገያል። ይህም ማለት ተሳፋሪው ቅዝቃዜውን አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት፣ በእኩለ ቀን በተጨናነቀ መንገድ ላይ፣ ሞተሯ ራሷን የማቀዝቀዝ አቅሟ ከሁሉ ያነሰ ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ መኪና በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ የጥቂት ደቂቃ መጠባበቂያ ይኖረዋል፤ ቮልስ ግን ያላት መጠባበቂያ ዘይቷ ብቻ ነው።

ቦታውና ኤሌክትሪኩ

ኮንዴንሰሩ የት ይቀመጥ የሚለው ሌላው ችግር ነው። በሌሎች መኪኖች ከራዲያተሩ ፊት ይቆማል፤ ነፋሱ በቀጥታ ያገኘዋል። በቮልስ ፊት ግን የአየር መግቢያ የለም። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ ከተሳፋሪው የተነሣው ሙቀትና የኮምፕሬሰሩ ሥራ በአንድነት፣ ማለትም 2,550 ዋት፣ ሞተሩ ወደሚተነፍሰው አየር ይራገፋል። ይህ በራስ ጥላ ላይ እንደ መቆም ያለ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካ ለቮልስ ማቀዝቀዣ ይገጠም በነበረበት ጊዜ ኮንዴንሰሩን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ማሰር የተለመደ መፍትሔ ነበር። ከሥር የተቀመጠ ኮንዴንሰር ግን ለአቧራ፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተጋለጠ ነው።

ኤሌክትሪኩም አይበቃም። የዚህች ሞዴል ዲናሞ በ12 ቮልት 30 አምፔር፣ ማለትም 360 ዋት ትሰጣለች፤ ይህም በፍጥነት ስትዞር እንጂ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ አይደለም። ቀዝቃዛውን አየር የሚነፋው ማራገቢያ 120 ዋት፣ የኮንዴንሰሩ ማራገቢያ 150 ዋት፣ የኮምፕሬሰሩ ማግኔት 40 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 310 ዋት ነው። ለመብራትና ለሞተሩ ማቀጣጠያ የሚተርፈው 50 ዋት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዲናሞዋ በአልተርኔተር መለወጥ አለባት። በተጨማሪም ቱቦዎቹ ከኋላ እስከ ፊት እንዲያልፉ ላሜራው መበሳት ይኖርበታል። የተበሳ ላሜራ የዝገት በር ነው፤ የተቆረጠ ብረት ደግሞ በብየዳ ቢደፈንም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

የጋዙ ነገር

የመኪና ማቀዝቀዣ አዲስ ነገር አይደለም። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴል መኪኖቹ ከፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ አቅርቦ ነበር። ማሽኑን ለማጥፋት የፈለገ ሰው ሞተሩን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ በእጁ ማውለቅ ነበረበት። የዚያ ዘመን ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በቶማስ ሚድግሊና በባልደረቦቹ በተፈጠረው፣ ፍሪዮን በሚባለው ጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ማርዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ ይህ ዓይነቱ ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዳ አስረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትም ከገበያ እንዲወጣ መንገድ ከፈተ።

የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ምድርን የማሞቅ ኃይሉ በ100 ዓመት ሲሰላ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ነው። 700 ግራም ጋዝ ከአንድ መኪና ቢያመልጥ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይመጣጠናል፤ ይህም ከ400 ሊትር በላይ ቤንዚን እንደ ማቃጠል ነው። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ወስኗል። በምትንቀጠቀጥ አሮጌ መኪና ላይ፣ በብዙ ማያያዣ የተቀጣጠለ ረጅም ቱቦ ጋዙን ለዓመታት ይዞ መቆየቱ አጠራጣሪ ነው።

የእንስራው ትምህርት

እናቶቻችን ኮምፕሬሰር ሳይኖራቸው ውኃ ያቀዘቅዙ ነበር። በሸክላ እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል በጥቂቱ እየወጣ ይተንናል፤ ሲተንንም ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውኃ ለመትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይፈልጋል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢፈጸም 670 ዋት የማቀዝቀዝ ኃይል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ በረሃማ ግዛቶች በመኪና መስኮት ላይ ይንጠለጠሉ የነበሩት የውኃ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን አየሩ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ሙቀቱ 36 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 25 ከመቶ በሆነበት ቀን፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር 21 ወይም 22 ዲግሪ ያነባል። በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ ያለፈ አየር እስከዚያ ባይወርድም 26 ዲግሪ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የገባው አየር በሌላ በኩል እንዲወጣ ግን መስኮት በጥቂቱ መከፈት አለበት። በጅቡቲ ወደብ፣ አየሩ በባሕር እርጥበት በተሞላበት ቦታ፣ ይኸው ዘዴ ተሳፋሪውን ከማርጠብ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ላብም እንዲሁ ነው፤ ካልተነነ አያቀዘቅዝም።

ውሳኔው

ከላይ የተዘረዘረውን ስናጠቃልል የደረስንበት ሥርዓት ይህ ነው። በመጀመሪያ የሚገባውን ሙቀት መቀነስ፤ ቀጥሎ የቀረውን በቀላሉ ሊያወጣ የሚችለውን ዘዴ መፈለግ፤ ኮምፕሬሰርን ወደ መጨረሻ ማቆየት። በቀዳዳ እንስራ ውኃ የሚቀዳ ሰው ትልቅ እንስራ ከመግዛቱ በፊት ቀዳዳውን ሊደፍን ይገባዋል።

ስለዚህ የመኪናዋን የበርና የመስኮት ጎማዎች በሙሉ ለወጥን፤ በስንጥቅ የሚገባው 300 ዋት በግማሽ ይቀንሳል ብለን እንገምታለን። የጣራውን ልባስ በጥንቃቄ አውርደን ከሥሩ ሙቀት የማያስተላልፍ ንጣፍ አስገባን፤ በጣራው የሚመጣው ከ300 ወደ 100 ዋት ይወርዳል። ነጭ ቀለም ብትቀባ ደግሞ ከዚህም በላይ ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን አባታችን የመረጡትን ቀለም ለመለወጥ ማናችንም አልደፈርንም፤ የማይታየው ንጣፍ ግን ቅር የሚያሰኘው ሰው የለም። ለኋላና ለጎን መስኮቶች እህታችን ነጭ መጋረጃ ሰፋች፤ በመስታወት ከሚገባው 200 ዋት ያህል ቢቀንስ 1,700 የነበረው ድምር ወደ 1,150 ዋት ይወርዳል። ከድሬዳዋ ደረቅ አየር ጋር የሚስማማ፣ በሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ ውኃ የሚያተንን ትንሽ ማቀዝቀዣም በእርጥብ ንጣፍና በአነስተኛ ማራገቢያ ሠርተን፣ ላሜራው ሳይበሳ ከመስኮቱ ጋር አሰርነው። የምትወስደው ኤሌክትሪክ ከአንድ የፊት መብራት አይበልጥም፤ ባስፈለገ ጊዜም በአምስት ደቂቃ ይፈታል።

ይህ ለመኪናዋ ይበቃል። ለእናታችን ልብ ይበቃል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ራሳችንን ማታለል አልፈለግንም። በግንቦት እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አየሩ እርጥበት በያዘበት ቀን፣ የውኃው ማቀዝቀዣ ይደክማል። ስለዚህ ሁለተኛ ውሳኔ አስከተልን። የሕክምና ቀጠሮዎቻቸው ሁሉ ወደ ማለዳ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በቀትር መውጣት ግድ በሚሆንበት ቀንም ማቀዝቀዣ ባለው በሌላ መኪና ይሄዳሉ እንጂ ቮልሷ ከግቢ አትወጣም። ለአንድ መኪና ያለን ፍቅር በእናታችን ጤና መክፈል የለብንም፤ ሌላ መኪና የሚሠራውን ሥራ ቮልሷ ትሥራ ብለንም የአባታችንን መኪና መቁረጥ የለብንም።

ለሌላ ባለ መኪና ይኸው ስሌት ሌላ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል መግለጽ ይገባናል። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው መልሱ «አያስፈልግም» ነው። በሰመራ ወይም በጅቡቲ ለሚኖርና መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው፣ መኪናውም በውኃ የሚቀዘቅዝና ከፊቱ ራዲያተር ያለው ከሆነ፣ «ይገጠም» ማለት ተገቢ ነው፤ አልተርኔተሩ አብሮ እስከተለወጠና የተፈቱት ዕቃዎች እስከተቀመጡ ድረስ መኪናው አይጎዳም። በእንዲህ ያለ አገር በአየር የምትቀዘቅዝ ቮልስ ላለው ሰው ግን ምክራችን ሌላ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ለዘወትር በሚነዳው መኪና ላይ ይፈልግ፣ ቮልሱን ለማለዳና ለማታ ያቆያት።

መኪናዋ ድሬዳዋ በደረሰች ማግስት እናታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስለ ዋቱም ስለ ግፊቱም አልነገርናቸውም። ሲመለሱ መጋረጃውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «አባታችሁም በሐረር መንገድ እርጥብ ፎጣ መስኮቱ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ውጭ አገር ድረስ መሄድ ነበረብህ?» አሉን። እኛም የአባታችን ዘዴ ምን ያህል ዋት እንደነበረ ቀሪ የቤት ሥራ አድርገን ለአንባቢያን ትተነዋል። ፎጣው ግማሽ ሊትር ውኃ ቢይዝና በግማሽ ሰዓት ቢደርቅ፣ መልሱ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ ይገኛል።